በአበራ ላይ ያላከክሁት

ከባለቤቴ ከአበራ ጋር መጨረሻ የሠራነው ነገር ምስር መልቀም ነው። ግቢያችን ፀሐይ ላይ ተቀምጠን እሱ ጠጠሩን ያወጣል፣ እኔ በሰፌድ አንጓልላለሁ። በማግስቱ ልቡ ቀጥ አለ። ምስሩን ስንለቅም አፌ ላይ የመጣውን ነገር ዋጥኩት። ለማንም ነግሬው አላውቅም፤ ለነፍስ አባቴም።

በደርግ ጊዜ ነው። ሦስተኛ ልጄ በመሣሪያ ተጎትቶ ከተወለደ ወዲህ ሳስል፣ ስስቅ ሽንቴ ያመልጠኝ ጀመር። ለአበራ ብቻ ነገርኩት። "ሐኪም ዘንድ እንሂድ" ሲለኝ እምቢ አልኩ። ምን ብዬ ልናገር?

እሑድ እሑድ ቦሌ፣ በቀበሌያችን አዳራሽ፣ ስብሰባ ነበር። በሩ ላይ ጠመንጃ የያዘ አብዮት ጠባቂ ይቆማል፤ መሀል ላይ ልውጣ ያለ ይጠረጠራል። አንድ እሑድ ከአበራ ጎን ተቀምጬ ሳለ አስነጠሰኝ። ከአግዳሚው ሥር ውሃ ወረደ።

"ጓዶች፣ ጣሪያው ያፈሳል እንዴ?" አለ ከኋላችን አንዱ። አዳራሹ ሳቀ። ሁሉም ወደ እኛ ዞረ።

እኔ ምን አደረግኩ? ነጠላዬን ቀሚሴ ላይ ጎትቼ፣ ሰው እየሰማ፣ "ምነው አበራ! አታፍርም?" አልኩ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። እኔ።

አየኝ። ከዚያ ተነሣ። "ይቅርታ ጓዶች፣ ኩላሊቴን ያመኛል" አለ። ሹራቡን አውልቆ ወገቡ ላይ አሰረ፤ ሱሪው ደረቅ መሆኑ እንዳይታይ።

ከዚያ ወዲያ ስሙ "ቧንቧው" ሆነ። ዳማ ሊጫወት ሲሄድ "በር አጠገብ ቦታ ልቀቁለት!" ይሉታል። ዳማውን ተወ። ቤት ገብቶ ግን አንድ ቀን አልወቀሰኝም። "አሁንስ ትሄጃለሽ?" ብቻ አለኝ።

ሄድኩ። ለጎረቤት "ወገቤን ነው" እያልኩ ሆስፒታል፣ ፊዚዮቴራፒ ክፍል፣ ተመላለስኩ። ሲስተሯ "ሽንትሽን እንደምታቋርጪ አድርገሽ ወደ ውስጥ ሳቢ፤ ያዢ፤ ልቀቂ። ትንፋሽሽን አትያዢ" አለችኝ። እያደር ዳንኩ። ታዲያ ከዳንኩ በኋላ "እኔ ነበርኩ" ለማለት ምን ያዘኝ? ፈርቼ ነው ልበል? ጠባቂው የሚጠብቀው በሩን እንጂ አፌን አልነበረም።

በአርባው አንድ ሽማግሌ "ነፍሱን ይማረውና፣ ቧንቧው ጨዋ ሰው ነበር" ሲሉ ድንኳኑ ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ። ሞቶ እንኳ አልተናገርኩለትም። ስለዚህ ይቅር በሉኝ አልልም።

አሁን ጠዋት ጠዋት እስባለሁ፣ እይዛለሁ፣ እለቃለሁ። ከዚያ ምስሬን ብቻዬን እለቅማለሁ።