ካልሲው አልላላም

የሹራብ ማሽኔ በእጅ ከግራ ወደ ቀኝ እየተገፋ የሚሠራ ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከገበያው ዝቅ ብላ ባለችው ጠባብ ክፍሌ ለብዙ ዓመት የተማሪ ሹራብ፣ የሕፃን ኮፍያና የአንገት ልብስ ስሠራበት ኖሬአለሁ። ካልሲ ግን ሠርቼ አላውቅም ነበር። ካልሲ በደርዘን እየታሰረ ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ ለራሱ እግር ብቻ ካልሲ የሚያሠራ ሰው ይኖራል ብዬም አስቤ አላውቅም።

ጥምቀት ባለፈ ሰሞን አንድ ማለዳ ዕድሜያቸው ስድሳን የተሻገረ አንዲት ሴት ገቡ። ከአምበር በኩል በሚኒባስ እንደመጡ ነገሩኝ። ቀሚሳቸው መሬት ይጠርጋል። ወንበር ስሰጣቸው ተቀመጡና የቀሚሱን ጫፍ በሁለት እጃቸው ሳብ አድርገው እግራቸውን ሸፈኑ። ከዚያ ከጉያቸው አንድ ጥቁር የወንድ ካልሲ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት። ካልሲው ከአፉ እስከ ተረከዙ በምላጭ ተሰንጥቋል።

«እንዲህ ካልቀደድሁት አይገባልኝም» አሉኝ። «የማይቀደድ ትሠሪልኛለሽ?»

ዝሆኔ የሚባለው የእግር እብጠት እንዳለባቸው ያን ጊዜ ገባኝ። እግራቸውን እንድለካ ስጠይቃቸው ፊታቸው ጠቆር አለ። ራሳቸው ቤታቸው ለክተው ያመጡትን ሲባጎ ሰጡኝ፤ ሦስት ቋጠሮ አለው። አንዱ ለቁርጭምጭሚት፣ አንዱ ለባት፣ አንዱ ለእግራቸው ጀርባ ነው አሉ። እውነቱን ለመናገር እኔም ቀለል አለኝ። በልጅነቴ ሰፈራችን ውስጥ እግራቸው ያበጠ አንዲት ሴት ነበሩ። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ እሳቸው የተቀመጡበትን አግዳሚ ሰው አንድ በአንድ እየለቀቀ ይነሣ ነበር። በዘር የሚወርድ፣ አጠገብ ለተቀመጠም የሚተርፍ በሽታ ይመስለን ነበርና እኔም ከሚነሡት አንዷ ነበርሁ።

ሲባጎውን ይዤ ካልሲውን በአንድ ሳምንት ጨረስሁ። ለሹራብ በምጠቀምበት ክር ወፈር አድርጌ ሠራሁት፤ እንዳይወርድ ደግሞ አፉ ላይ ሰፊና ጠንካራ ላስቲክ ከተትሁበት። በሥራዬ ኮርቼ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሴትዮዋ ተመልሰው መጡ።

«ካልሲሽስ ያምራል፤ ግን ነከሰኝ» አሉኝ።

እሑድ ቅዳሴ አድርገውት ሄደው እስኪያልቅ ቆመውበታል። ቤታቸው ገብተው ሲያወልቁት ላስቲኩ ከጉልበታቸው በታች እንደ ቦይ ሰርጉዶ ቀይ መስመር አውጥቶባቸዋል፤ ጣታቸው ላይ ያለው ስፌት ደግሞ ቆዳቸውን ልጦታል። ይህን ሁሉ የነገሩኝ ያለ ቅሬታ ነው፤ እንዲያውም ልፋቴን ከንቱ ያስቀሩብኝ ይመስል ይቅርታ ሊጠይቁኝ ቃጣቸው። እኔ ግን አፈርሁ። በሲባጎ ቋጠሮ ተማምኜ የሰው ገላ አቁስያለሁ።

እግራቸውን እንዴት እንደሚያጥቡ ያስተማራቸው አንድ ወጣት ነርስ እንዳለ ነገሩኝ፤ አብረን ወደሚሠራበት ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሱ ካልሲዬን እያገላበጠ አየና ስህተቴን በትዕግሥት አስረዳኝ። የእንዲህ ዓይነት እግር ቆዳ ቶሎ ይላጣል፤ በትንሽ ቁስል በሽታ ይገባል። ጥብቀቱ ከታች ከእግር ጀምሮ ወደ ላይ ሲሄድ እየላላ መምጣት አለበት፤ አፉ ከጠበቀ እግሩን የሚያሳብጠው ውኃ ከታች ይጠራቀማል። እግሩ ጠዋትና ማታ አንድ ልክ የለውም፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ የተለካ ልክ ይዋሻል። ካልሲ ብቻውን መድኃኒት እንዳልሆነ፣ ማጠቡ፣ ቅባቱና ፋሻ መጠቅለሉ እንዳይቀር ደጋግሞ አሳሰበን። ከዚያ ሴትዮዋ እግራቸውን በሳሙና ታጥበው፣ በፎጣ አድርቀው ሲጨርሱ «በሉ እህቴ፣ አሁን ይለኩ» አለኝ።

ሜትሬን ይዤ ቆምሁ። እግራቸው ከጉልበት በታች ወጥ ሆኖ ወርዶ ቁርጭምጭሚቱ ጠፍቷል፤ ቆዳው እዚህም እዚያም ጎረባብጧል። እጄ አልዘረጋ አለኝ። ሴትዮዋ አዩኝ።

«አይጋባም ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው። «እኔም ይጋባል ብዬ ስንት ዓመት ልጆቼን አቅፌ አልተኛሁም። አይጋባም፤ ለኪ።»

ተንበረከክሁ። ከጣታቸው ሥር እስከ ጉልበታቸው ድረስ ሰባት ቦታ ለካሁ። ቆዳቸው ካሰብሁት በላይ ለስላሳና ሞቃት ነበር፤ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ከዚያ ገበያ ሲዞሩ ውለው ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ክፍሌ መጡልኝና ያንኑ ሰባት ቦታ እንደገና ለካሁ። የቁርጭምጭሚታቸው ዙሪያ በሁለት ጣት ያህል ጨምሮ አገኘሁት።

ከዚያ በኋላ የካልሲው ነገር እንቅልፍ የነሣኝ ባይሆንም ሐሳቤን ሁሉ ወሰደው። በልካቸው ከአሮጌ አንሶላ አንድ እግር ሰፍቼ የክር ቁርጥራጭ ጠቀጠቅሁበትና ጠረጴዛዬ ላይ አቆምሁት። ሹራብ ሊያሠሩ የሚመጡ ሰዎች ምን እንደሆነ ይጠይቁኛል፤ የአንዲት ደንበኛዬ እግር ነው ስላቸው ይስቃሉ። ወፍራሙን ክር ትቼ ጥጥ ከቀጭን ላስቲክ ክር ጋር አጣምሬ መሥራት ጀመርሁ። አንዱን መስመር ወደ ውጭ፣ አንዱን ወደ ውስጥ እያደረግሁ ስሠራው ጨርቁ እንደ ታረሰ መሬት ትልም ያወጣል፤ ሲስቡት ይከፈታል፣ ሲለቁት ይሰበሰባል። አፉ ላይ ላስቲክ መክተቱን ተውሁና ወደ ላይ በወጣሁ ቁጥር ክሩን እያላላሁ ሄድሁ። የጣቱን ስፌት ወደ ውጭ አወጣሁት፤ በእጄ በስሱ ገጠምሁት።

ሁለተኛው ካልሲ በዚያ በጨርቅ እግር ላይ እንደ ጆንያ ተንጠለጠለ። ሦስተኛው ባቱ ላይ ደህና ነበር፤ ግን ቁርጭምጭሚቱ ላይ ተጨማዶ እጥፋት አወጣ፤ እጥፋት ደግሞ እንደ ገመድ ይቆርጣል። ሁለቱንም ተረተርኋቸው። አራተኛው ላይ ለተረከዙ ለብቻው እንደ ኪስ ያለ ጨመርሁለትና እጥፋቱ ጠፋ።

ሴትዮዋ መጥተው እዚያው ክፍሌ ውስጥ አደረጉት። እኔ አላገዝኋቸውም፤ ቤታቸው ብቻቸውን ማድረግ መቻላቸውን ማየት ፈልጌ ነበር። ተረከዛቸውን ሲያልፍ ትንሽ ታገላቸው፤ ከዚያ እስከ ጉልበታቸው ወጣላቸው። ተነሥተው እስከ በሩ ሄደው ተመለሱ፤ ደግመው ሄዱ።

«ምነው?» አልኋቸው።

«ያደረግሁትም አልመስለኝ አለ» አሉ።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ተመልሰው ሲመጡ ካልሲውን በጋዜጣ ጠቅልለው ይዘውት ነበር። እየወረደ አላስኬድ እንዳላቸው፣ ምናልባት እጥበት አብዝተውበት እንደሆነ ነገሩኝ። ላስቲክ ክሩ ሞተ ብዬ ደነገጥሁ። ወደ መስኮቱ ወስጄ ሳብ አደረግሁት፤ ይከፈታል፣ ይመለሳል። እንደገና ሳብሁት፤ ያው ነው። እንግዲያው ስህተቱ ልኬ ላይ ነው ብዬ ሜትሬን አነሣሁ። ሰባቱንም ቦታ ለካሁና የጻፍሁበትን ደብተር ከፈትሁ። አላመንሁትም፤ ደግሜ ለካሁ።

«እማማ» አልኋቸው፤ «ካልሲው አልላላም። እግርዎ ነው የቀነሰው።»

ቀሚሳቸውን ራሳቸው ሰብሰብ አድርገው ጎንበስ አሉና የሌላ ሰው እግር የሚያዩ ይመስል ለረጅም ጊዜ አዩት። በየቀኑ እንደሚታጠቡ፣ ፋሻውን እንደማያስታጉሉ፣ ሲተኙ ትራስ ላይ ከፍ እንደሚያደርጉት ነገሩኝ። ቀጥለው ሳልጠይቃቸው የልጃቸውን ሠርግ አነሡ። ልጃቸው የተዳረች ዕለት ራሴን አሞኛል ብለው ጓዳ ውስጥ ቀርተው ነበር። እንግዶቹ በልተው፣ ጨፍረው፣ ሙሽራዋ ልትሄድ ስትል ጓዳ ገብታ ጉልበት ስማ ተሰናብታቸው ሄዳለች። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው አልተለወጠም። እኔም ሜትሬን እየጠቀለልሁ ሰማኋቸው።

ጠበብ ያለ ሌላ ሠራሁላቸው። ነርሱም ሌሎች ሰዎች ይልክልኝ ጀመር። ለሹራብ የተማርሁት እዚህ ላይ ብዙም አልጠቀመኝም፤ የአንድ ሰው ግራና ቀኝ እግር እንኳ አይገጥምም። የማይሳካልኝም አለ። ከአማኑኤል ከተማ የመጡ አንድ አዛውንት ጣቶቻቸው በእባጭ ተደራርበው ስለነበር ሦስት ጊዜ ሞክሬ አቃተኝ፤ ጣቱ ክፍት የሆነ ሠርቼላቸው ከነርሱ ጋር እንዲማከሩ መለስኋቸው። ያ እስከ አሁን ይከነክነኛል።

ከአምበር የሚመጡት ሴት አሁን ካልሲ ሲያልቅባቸው ብቻ ሳይሆን እንዲሁ በዚያ ሲያልፉም ጎራ ይላሉ። ባለፈው ወር የካልሲያቸው ግራጫ ቀለም እንደሰለቻቸው ነግረውኝ አረንጓዴ ይኖረኝ እንደሆነ ጠየቁኝ። የሚለጠጥ አረንጓዴ ክር ደብረ ማርቆስ አይገኝም። ከአዲስ አበባ አስልኬ ትናንት ደረሰልኝ፤ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ማሽኑ ላይ አስገብቼ ካልሲያቸውን እየሠራሁ ነው።