ዲንሾ ማን አለን?

ባለቤቴ ቡታጅራ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች፤ እኔ ደግሞ ከጎጃም ተመድቤ መጥቼ እዚሁ የቀረሁ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ቤታችን ውስጥ አባቷ፣ ሁለት ልጆቻችን፣ እንዲሁም ከገጠር ለሕክምና ወይም ለትምህርት የመጣ ዘመድ ሁሉ ይኖራል። ሁሉም የሚጠራው እሷን ነው። ጨው ሲጠፋ እሷ ትጠራለች፤ ጨው ሲገኝም የት እንደተገኘ እንዲነገራት ትጠራለች። ባለፈው ዓመት አንድ ምሽት የልጆቹን ካልሲ እያጣጠፈች፣ "አንድ ቀን እንኳ ማንም ሳይጠራኝ ብውል ምን አለበት?" አለችኝ። ድምጿ ውስጥ ምሬት አልነበረም፤ እኔን ያስደነገጠኝም እሱ ነው።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ትዝ አለኝ። ለዓመታት በጠመኔ ስሥለው የኖርኩት፣ አንድም ቀን ረግጬው የማላውቀው ቦታ ነው። ቅዳሜ በቆሼ በኩል ዝዋይ እንወጣለን፣ ሻሸመኔን እናልፋለን፣ ፓርኩ ደጃፍ ዲንሾ ላይ ሆቴል ይዘን ሁለታችን ብቻ እናድራለን። ተራራው ላይ ስልክ እንደ ልብ አይሠራም ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ከቀይ ቀበሮው ይልቅ እኔን የሳበኝ ይኼ ነበር።

እቅዱን ለአማቴ ነገርኳቸው። ዕድሜያቸውን በንግድ ከከተማ ከተማ ሲዞሩ የኖሩ ሰው ናቸው።

"ዲንሾ ማን አለን?" አሉ።

"ማንም የለንም፣ አባባ።"

"ማን ሞቶ ነው ታዲያ?"

"የሞተ የለም። ተራራ ልናይ ነው።"

ቀና ብለው ከግቢያችን ፊት ለፊት የተገተረውን የዘቢዳርን ተራራ አዩ። ከዚያ እኔን አዩ። "ይኼስ?" አሉ።

አማቴ ግን ሰው ተቸግሮ ዝም ብለው የሚያዩ አይደሉም። ሲደውሉ ዋሉና ከዲንሾ አለፍ ብሎ ሮቤ ላይ የሚነግድ ዘመድ አገኙልን። ዝምድናውን ደጋግመው አስረዱኝ፤ በእናት በኩል መሆኑ ብቻ ገብቶኛል። ዘመድ እያለ ሆቴል ማደር ነውር ስለሆነ ሆቴሉ ቀረ። ሰውየው ለካ እናቱን ቀብሮ ከርሟል፤ ከእኛ ቤት አንድም ሰው አልደረሰውም። ስለዚህ ጉዞው ለቅሶ ሆነ። ለቅሶ ደግሞ ብቻ አይኬድምና ሚኒባስ ተከራየን፣ ያልደረሱ ዘመዶችም ሞሉት። ልጆቹ አጋዘን እናያለን ብለው ስማቸውን አስመዘገቡ። ባዶ እጅ መሄድም አይገባምና የኋላው ወንበር ለቆጮና ለቅቤ ተሰጠ።

እኔ በገንኩ። "አባትሽን አንድ ነገር በያቸው እንጂ!" አልኳት ባለቤቴን።

"ምን ልበላቸው?" አለችና ስልኳን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። ተስፋ የቆረጠች መሰለኝ፤ አንጀቴን በላችው።

ቅዳሜ ማለዳ ተሳፍረን ልንንቀሳቀስ ስንል የአማቴ ስልክ ጮኸ። ሁለት የቆሼ አክስቶች ለቅሶውን ሰምተው፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው አስፋልት ዳር ወጥተዋል፤ ይዘናቸው እንድንሄድ እየጠበቁ ነው። ሾፌሩ ዞር ብሎ ወንበሮቹን አየና "ትርፍ አልጭንም" አለ። ከሁለት አሮጊቶች ጋር ወንበር የሚሻማ ሰው የለም። ቆጮው ይውረድ ያለም አልነበረም።

"እኛ እንቅር" አለች ባለቤቴ።

አማቴ አሰቡበትና ራሳቸውን ነቀነቁ። "ልክ ነው፣ እናንተ ልጆች ናችሁ። ተራራው እንደሆነ የትም አይሄድ፣ ትደርሱበታላችሁ" አሉ። ሚኒባሱ ልጆቻችንን፣ ዘመዶቻችንንና ቆጮውን ይዞ ወደ ባሌ ሄደ።

እጃችንን እያውለበለብን ቆየን። አፈርኩ። አንዲት ቀን አስቤላት ያችኑ ቀንም ለሰው አስረከብኩ ብዬ ከልቤ አዘንኩ፤ ይህንኑ ነገርኳት። እሷ የግቢውን በር ቀረቀረች፣ ስልኳን አጠፋች፣ ሻሿን ፈታች።

"የቆሼዎቹን የጠራኋቸው እኔ ነኝ" አለችና ልትተኛ ገባች።

ወንበር አውጥቼ ከበሩ ስር ተቀመጥኩ። የሚያንኳኳ አልጠፋም፤ ለመጣው ሁሉ "ባሌ ሄዳለች" እያልኩ ዋልኩ።