የውሰት ክራሮች

ባሕር ዳር ላይ የአንድ ክፍል ልጅ በሙሉ ባንድ ጊዜ ክራር ሲመታ የሰማ ካለ፣ ወይ ተማሪዬ ነበረ፣ ወይ ጉማሬ ነበረ። ጉማሬዎቹ በመጀመሪያው ሳምንት ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ጎርጎራ ተሰደዱ። «ዛሬም እኮ ሐይቁ ላይ አሉ» የሚሉኝ አይጠፉም። እነዚያ ሌሎች ናቸው።

ያኔ፣ በደርግ ጊዜ፣ ጺሜ ለመብቀል ገና ፈቃድ የሚጠይቅ ወጣት አስተማሪ ነበርሁ። ትምህርት ቤታችን ከጣና አፍ ላይ ስለነበረ ልጆቹ ኳስ በጠለዙ ቁጥር በታንኳ ነበር የምናስመልሰው። የሙዚቃ መምህር የሆንሁትም ተምሬ አይደለም፤ ርእሰ መምህሩ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ክራር ስነካካ አይተውኝ ነው። በዚያ ዘመን ሰው በማያውቀው ሥራ ይሾም ነበርና እኔ ግማሹን ማወቄ እንደ ጉድ ታየ።

ክራሮቹ የመጡት ከቀበሌው የኪነት ቡድን ነው። ቡድኑ የኤሌክትሪክ ጊታር ሲደርሰው አሮጌ ክራሮቹን ለእኛ አዋሰ። የኪነቱ ኃላፊ ከሩቅ አገር ተመድቦ የመጣ፣ ካኪ ለባሽ፣ ሲስቅ ያልታየ ሰው ነበር፤ «ጓድ» ነበር የምንለው። ሲያውሰን አንድ ነገር አሰረብን። ክፍሉ ለሜይ ዴይ በዓል የሰልፍ መዝሙር በክራር ያሰማል። ካማረ ክራሮቹ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ይቀራሉ፤ ካላማረ ወደ ቀበሌው መጋዘን ይመለሳሉ። መጋዘኑን አውቀዋለሁ፤ አይጦቹ የክራርና የከበሮ ቆዳ እየበሉ ጥጃ አክለው ነበር። እናም ዓመቱን ሙሉ የእኔም የልጆቹም ጭንቀት አንድ ሆነ፤ ክራሮቹን ማስቀረት።

ለአምስት ልጅ አንድ ክራር ደረሰ። አንዱ ሲመታ አራቱ ጉልበታቸው ላይ ጣታቸውን ያንቀሳቅሳሉ። አንዳንዱ ጉልበቱን ከክራሩ አሳምሮ ይመታ ነበር። ችግሩ መቃኘቱ ነው። እኔ የራሴን እቃኛለሁ፤ የፊተኛው ረድፍ ከእኔ ይቀበላል፤ ሁለተኛው ከፊተኛው፤ እንዲህ እንደ ሐሜት እየተቀባበለ ሄዶ የኋላው ረድፍ ሲደርስ ሌላ አገር ገብቷል። ስናቃና ደወል ይደወላል። ለእያንዳንዱ መዝሙር ቅኝት እንለውጥ ብንል ልጆቹ ሳይመቱ ባረጁ። ስለዚህ ክራሮቹን ሁሉ በትዝታ ቅኝት፣ በዚያ ሆድ በሚያባባው፣ ቃኝተን ተውናቸው። የአበባየሆሽም ዘፈን በሱ፣ የመሠረተ ትምህርትም መዝሙር በሱ።

ክር ሲበጠስ ዓሣ አጥማጆቹ ቆረሶ ከሚይዙበት መረብ ናይሎን እየቆረጡ ይሰጡን ነበር። ታዲያ ክራሮቻችን ቆረሶ ቆረሶ ይሸቱ ስለነበር ድመት ላለበት ቤት አናውስም። ጠዋት ጠዋት የሐይቁ እርጥበት ቆዳቸውን ስለሚያላላው ግድግዳ ሥር ደርድረን ፀሐይ እናሞቃቸዋለን፤ ልጆቹም ከጎናቸው ይቀመጣሉ። ዛሬ ያ ግድግዳ የለም፤ ቦታው ላይ ሆቴል ቆሟል። አንድ ቀን ገብቼ ሻይ አዘዝሁና ዓይኔን ጨፈንሁ። አስተናጋጁ አሞኝ መስሎት ውኃ አመጣልኝ።

ዓርብ ዓርብ ክራሮቹ በተራ ከልጆቹ ጋር ቤት ሄደው ያድሩ ነበር። በክራር ከሁሉም የምትበልጠው አንዲት የመሪጌታ ልጅ ነበረች። ታላቅ ወንድሟን ለብሔራዊ ውትድርና ወስደውት ሰሜን ጦር ግንባር ነበር፤ ወሬው ከጠፋ ሰንብቷል። ተራዋ ደርሶ ክራሩን ይዛ በገባች በሰኞው አባቷ ጥምጥማቸውን አሳምረው ጠመጠሙና ትምህርት ቤት መጡ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ዳዊት የዘመረው በበገና ነው። ክራርን ማን እንደሠራው ታውቃለህ?»

«የሰባታሚት መንደር አናጢ ነው የሚሉት፣ የኔታ።»

«ሰይጣን ነው የሠራው።»

«እንግዲያው እጁ ይባረክ አልልዎትም፤ ሥራው ግን ንጹሕ ነው።»

ሊቆጡ አስበው ሳቃቸው ቀደማቸው። በመጨረሻ ተስማማን፤ ክራሩ ከቤት አይገባም፣ በረንዳ ላይ ያድራል። ልጅቱ በኋላ እንደነገረችኝ፣ እሷ በረንዳ ላይ ስትመታ መሪጌታ ዳዊታቸውን ይዘው ደጃፉ ላይ ይቀመጣሉ። ለምን ሲባሉ፣ «የመንግሥት ዕቃ ሌባ እንዳይወስደው» ይላሉ። ገጹን ሲገልጡ ግን አይታ አታውቅም።

ሜይ ዴይ ሲቃረብ ጉዳችን ወጣ። የሰልፉን መዝሙር በእኛ ቅኝት ስንመታው ለቅሶ ሆነ። ቃሉ «ወደፊት» ይላል፤ ዜማው ተመለስ ይላል። ቅኝቱን እንለውጥ ብዬ አንድ ሳምንት ደከምሁ፤ ልጆቹ ጣታቸው በሌላ አልታዘዝ አለ። ቶሎ ቶሎ ምቱት አልሁ። ቶሎ ቶሎ ሲመቱት እየሮጠ የሚያለቅስ ሰው መሰለ። በስተመጨረሻ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተስዬ ተውሁት፤ ለሜይ ዴይ ብሎ ስለት የተሳለ ከእኔ በቀር ያለ አይመስለኝም።

በዓሉ ዕለት ሜዳው ቀይ ሆኗል። የቀበሌው እናቶች ነጠላቸውን አደግድገው ፊት ለፊት ተሰልፈዋል። ልጆቹ መምታት ጀመሩ። መጀመሪያ አንዲት እናት የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች። ቀጥሎ አጠገቧ ያለችው። ከዚያ ረድፉ በሙሉ። ሰሜን ሰው የሌለው ቤት አልነበረም። ማንም ድምፅ አላሰማም፤ ትከሻቸው ብቻ ነበር የሚንቀጠቀጠው። ክራሮቹ ለአይጦቹ፣ እኔም ስሙ ለማይጠራ ቦታ፣ ብዬ ወደ ጓድ ዞር አልሁ። ቆቡን አውልቆ በእጁ ይዟል።

ሲያልቅ አስጠራኝ። ይህን ቅኝት ማን መረጠው አለኝ። ጊዜ አጥተን ነው ብዬ እውነቱን ነገርሁት። ቆቡን መልሶ ደፋ። ከዚያ፣ ለሠራዊቱ የሚሄድ የኪነት ቡድን እንዳለና ክራሮቹ በማግሥቱ አብረው እንደሚጫኑ ነገረኝ።

«ካማረ ይቀራሉ ብለህ ነበር እኮ፣ ጓድ» አልሁት።

«ብያለሁ። ይህን ያህል ያምራል አላልኩም።» ፊቱን አዞረ። «እዚያ ያሉት ልጆች መዝሙር ሞልቷቸዋል። ያጡት ይኼን ነው።»

በማግሥቱ ጠዋት መኪናው መጣ። ልጆቹ ክራሮቹን እንደ ሕፃን አቅፈው ተደረደሩ። ክራር መንገድ ሲሄድ ክሩ ይላላል፤ አለዚያ መኪናው ሲያንገጫግጨው ይበጠሳል። የመጀመሪያውን ተቀብዬ ላላላ ስል ልጅቱ እጄን ያዘችኝ።

«ጋሼ፣ አያላሉት።»

«ለምን?»

«እዚያ የሚቀበለው ሰው በሌላ ቢቃኘውስ? እንዲህ እንዳለ ይሂድ። ወንድሜ ሲሰማ ከእኛ እንደመጣ ያውቃል።»

መምህር ነኝና ማስረዳት ነበረብኝ። ናይሎኑ ጎንደርን እንኳ አያልፍም፤ ወንድሟ የትኛው ተራራ ላይ እንዳለም የሚያውቅ የለም። እኔ ግን ከየክራሩ መካከል ጭድ ጠቀጠቅሁና ሁሉንም እንደተቃኙ ጫንኋቸው።

መኪናው ሲነሳ ድንጋያማው መንገድ አንገጫገጨው። ያኔ ክራሮቹ ማንም ሳይነካቸው ይጮኹ ጀመር። ቀስ ብለው፣ ሁሉም ባንድ ቅኝት። ሊሮጡ ተነሥተው የነበሩት ልጆች ባሉበት ቆሙ። ሹፌሩ እንኳ አንገቱን አውጥቶ ወደ ኋላ አየ። መኪናው ቁልቁል ወደ ዓባይ ድልድይ ወረደ።

አብረውኝ የነበሩት አስተማሪዎች ድምፁ ድልድዩን ሳይሻገር ጠፋ ይላሉ። እኔ አሥመራ እስኪገባ ድረስ ሰምቼዋለሁ።