ወንበር ያስፈራው ተሸካሚ

ያገኘሁት ክሊኒክ ኮሪደር ውስጥ ነው። ሌሎቻችን አግዳሚው ላይ ተደርድረን ተራችንን ስንጠብቅ፣ እሱ ብቻውን ከመድኃኒት መስኮቱ እስከ መጸዳጃ ቤቱ በር ይመላለሳል። ሃምሳን የተሻገረ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ፊቱ የጠቆረ ሰው ነው። አላስችል አለኝና «ኧረ ተቀመጥ ወንድሜ፣ ወለሉን ጨረስከው» አልኩት።

«ከተቀመጥኩ ይደርስብኛል» አለ።

ምኑ እንደሆነ ሳይነግረኝ አልፎኝ ሄደ። እኔ ደግሞ ወሬ ካገኘሁ ለእግሬ አላዝንም፤ ተነሥቼ አብሬው መመላለስ ጀመርኩ።

እየተመላለስን እንዳወጋኝ፣ የሚሠራው ልብስ ስፌት ቤት ነው። ጨርቁ የሚራገፈው ምድር ቤት፣ የሚሰፋው አራተኛ ፎቅ ላይ፤ በመካከሉ ሰማንያ ስድስት ደረጃ አለ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጣቃ ጨርቅ በትከሻው ሲያወጣ ስለኖረ «ጣቃው» ይሉታል። ታናሽ ወንድሙም እዚያው ጨርቅ ቆራጭ ነበር፤ ሳቂታ፣ ቀልደኛ። ኋላ ኋላ ዝምታ አበዛ። አንድ ቀን ከሥራ ሲወጡ በእግር እንሂድ ቢለው፣ ጣቃው ደክሞኛል ብሎ አውቶቡስ ተሳፈረ። በሳምንቱ ወንድምየው ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ።

ከቀብር በኋላ ያላዘነለት ሰው አልነበረም። ጥፋቱም የመጣው ከዚሁ ሐዘኔታ ነው። አለቃው ከእንግዲህ ሸክም አትነካም ብሎ በሩ አጠገብ ወንበር አስቀመጠለት፤ ጣቃዎቹን ባልደረቦቹ ተካፈሉለት። ቤት ሲገባ ሚስቱ ውሃ እንኳ ራሱ እንዳይቀዳ ትቀድመዋለች፤ አማቱ ትራስ ይደርቡለታል። ሁሉም አንድ ቃል ነው፦ ይረፍ።

እሱ ወንበሩ ላይ ሆኖ ሰመጠ። መጀመሪያ እንቅልፉ ጠፋ። ከዚያ እህል አልወርድ አለው። ከዚያ አጠገቡ የሚስቅ ሰው ድምፅ ከሌላ ሰፈር የሚመጣ እየመሰለው ሄደ። በአራተኛው ወር ለወንድሙ ማዘኑን ትቶ ይቀናበት ጀመር። ይህን ለማንም አልተነፈሰም።

አንድ ቀን ባልደረቦቹ ምሳ ወጥተው ሳለ ሰፊዎቹ ከላይ ጥቁር ጨርቅ አለቀብን ብለው ተጣሩ። የሚሰማ ስላልነበረ ራሱ ተሸከመ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ጉልበቱ ከዳው፤ ሦስተኛው ላይ ልቡ ደረቱን ደበደበው፤ አራተኛው ላይ ሲያወርደው ሸሚዙ በላብ ርሶ ነበር። ያን ቀን እህል ቀመሰ፤ እንቅልፍም ወሰደው።

በማግስቱ ሸክሜን መልስልኝ ብሎ አለቃውን ለመነ። አለቃው ደነገጠ። «ሰው ምን ይለኛል? ወንድሙ የሞተበትን አህያ አደረገው አይሉኝም?»

«አህያስ ይተኛል፣ ጌታዬ።»

አለቃው እንባው መጣ እንጂ ሐሳቡን አልቀየረም። ጣቃው ቤቱ ገብቶ፣ ያን ያልተነፈሰውን ለሚስቱ ነገራት። አልጮኸችም። ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች ይዛው እዚህ ክሊኒክ መጣች። ነርሷ መድኃኒት እንዲጀምር አስደረገች፣ በየሳምንቱ እየመጣ የሚያወራበት ቀጠሮ ሰጠችው፣ የደረጃውንም ነገር ስትሰማ ቀጥልበት አለችው፤ በየቀኑ ይሁን፣ ሰውነት ሲንቀሳቀስ እንቅልፍም ስሜትም ያግዛል፣ መድኃኒቱን ግን አይተካም። አለቃው ዘንድ የሄደችው ሚስትየዋ ናት። ወንበርህ ባሌን እየገደለብኝ ነው አለችው። ግማሹን ሸክም መለሰለት።

አሁን ደህና ቀን አለ፣ ክፉ ቀን አለ። ሰማንያ ስድስቱን ወጥቶ ላዩ ላይ ምንም የማያገኝበት ቀን ብዙ ነው። አውቶቡስ ሲያይ ግን ዛሬም ፊቱን ያዞራል።

ነርሷ ጠራችው። ታዲያ እየተሻለህ ነው አልኩት፣ ሊገባ ሲል።

«ተሽሎኛል አልልህም» አለ፣ በሩን እንደያዘ። «ሚስቴ በየማታው፣ ነገ ስንት ጣቃ ታወጣለህ ትለኛለች። ቁጥር ካልነገርኳት አትተኛም። ዛሬ ማታ፣ ለነገ ስድስት እላታለሁ።»