ሐሊና ስለ ትንኝ ያወራች ዕለት

ሐሊና የምትሠራው ናይሮቢ ውስጥ ባለ አንድ የምርምር ተቋም ነው። የወባ ትንኞች ታረባለች፤ ወባ ያለበት ደም ትመግባቸዋለች፤ ከዚያ አንጀታቸውን አውጥታ በማይክሮስኮፕ ታያለች። ሥራዋን ትወዳለች። ሰው ግን ትንኝ የሚለውን ቃል ሲሰማ ክንዱን አከክ አከክ ያደርግና ወሬ ይለውጣል።

ስለዚህ አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሁርሊንግሃም ሰፈር ባለው የእትዬ ታየች ምግብ ቤት ከጓደኞቿ ጋር ምሳ ሲበሉ፣ እርዳታ ድርጅት የሚሠራው ጓንጉል ትንኟ ራሷ በወባ የማትታመመው ለምን እንደሆነ ሲጠይቃት ደስታዋን መያዝ አቃታት። ትንኟ ዝም ብላ ተሸካሚ እንዳልሆነች፣ እንደምትዋጋ ነገረቻቸው። የወባ ተሕዋስያን የአንጀቷን ግድግዳ ሰርስረው ሲወጡ ደሟ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ይለጠፍባቸውና ይገድላቸዋል፤ አንዳንዶቹን ደግሞ በጥቁር ቅርፊት ለብጣ ታስቀራቸዋለች። አብዛኞቹ እዚያው ያልቃሉ። የሚያመልጡት ጥቂቶች ግን ትንኟ እንዳትለያቸው ራሳቸውን መሰወር ያውቁበታል።

«እንዴት ብልጥ እንደሆኑ! ሲያዩት እኮ ያምራል» አለችና ሳቀች።

እትዬ ታየች ሳህን ይዘው አጠገቧ ቆመው ነበር። ሳህኑን አስቀምጠው ወደ ጓዳ ገቡ፤ እንግዶቹ እስኪበተኑም አልወጡም።

ጓንጉል በመኪናው ወደ ሰፈሯ ሳውዝ ሲ ሲያደርሳት ምክንያቱን ነገራት። እትዬ ታየች ኬንያ ሳይመጡ መተማ ይኖሩ ነበር። ዮፍታሄ የሚባል ልጃቸው ገና አፉን ሳይፈታ በወባ ሞቶባቸዋል። ሐሊና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ጆሮዋ ድረስ ጋለ።

ሳምንቱን ሙሉ ማይክሮስኮፑ ላይ ባጎነበሰች ቁጥር ሳቋ ይሰማታል። በየጥናቷ መግቢያ ላይ ወባ ሕፃናትን እንደሚገድል ትጽፋለች። ከእነዚያ ሕፃናት የአንዱ እናት በየእሁዱ ምሳ ሲያቀርቡላት ግን አላወቀችም፤ ጠይቃም አታውቅም።

ሐሙስ ዕለት ደንበኛ ሳይገባ ወደ ምግብ ቤቱ ሄደች። እትዬ ታየች ምስር እየለቀሙ ነበር። ናይሮቢ ያደገችው ሐሊና መንገድ ላይ ያዘጋጀችው አማርኛ ሁሉ ጠፋባትና በስዋሂሊ «ፖሌ ሳና»፣ በጣም ይቅርታ አለች፤ ማታቱ ታክሲ ውስጥ የሰው እግር ስትረግጥ የምትለውን።

እትዬ ታየች እንድትቀመጥ አመለከቷት። ጥቂት ምስር ከለቀሙ በኋላ «ልጄን የነከሰችውም ታግላ ነበር ማለት ነው?» አሉ።

«አዎ፣ እትዬ። ጥቂቶቹ አመለጧት።»

«ታዲያ የሱ ደም ለምን አልቻላቸውም?»

የሕፃን ሰውነት በሽታውን ገና እንዳልለመደው፣ መከላከሉን ለመማር ጊዜ እንደሚፈልግ በዝግታ አስረዳቻቸው። የእትዬ ታየች እጅ ምስሩ ላይ ቆመ።

«እኔ እኮ የሞተው ሐኪም ቤት ዘግይቼ ስለወሰድኩት ነበር የሚመስለኝ» አሉ።

ሐሊና መልሱን ታውቃለች። በወባ የተያዘ ሕፃን ቶሎ ሲታከም ብዙ ጊዜ ይድናል። አዎ ለማለት አልጨከነችም፤ አይደለም ብላም አልዋሸችም። ዝም አለች። እትዬ ታየች ዝምታዋን እንደ ማጽናኛ ወሰዱት፤ ጉልበቷን መታ መታ አድርገው «ተባረኪ፣ ልጄ» አሏት።

ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ከራሳቸው ጎን ቦታ ይይዙላታል። ለመጣው ሰው ሁሉ፣ ከልቤ ሸክም ያወረደችልኝ ይቺ ናት ይላሉ። ሐሊናም አቀርቅራ ትበላለች።