ሁለቴ የተጠየቀች ልብስ ሰፊ

ልብስ ሰፊዋ ሰው ቶሎ አታምንም። ደንበኛ "ወገቤ ያው ነው" ቢላት እንኳ ሳትለካ መቀስ አታነሳም። ስለዚህ ከሁለት ሳምንት በፊት መጠይቅ ሞልታ የሄደችው የጤና ጥናት ጠያቂ ልጅ ተመልሳ ስትመጣ ነገሩ አልጣማትም።

"እትዬ፣ መጠይቁን እንደገና ልሞላልዎት ነበር።"

"ያንን የሳንባ ነቀርሳውን? ሞልተሽው ሄደሽ የለም እንዴ?"

"አዎ፣ ያው ነው። አንድም ቃል አልተለወጠም።"

ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን አቆመች። በእሷ ቤት አንድ ነገር ሁለቴ የሚጠይቅ ወይ ፖሊስ ነው፣ ወይ አማት። ባሏ ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ እያሳለ "ብርድ ነው" ይላታል። ለጤና ሰዎቹ ሳሉን ማን ነገራቸው? ጎረቤቷ ፀጉር ሠሪዋ ትሆናለች፤ ግድግዳው እንደሆነ ስስ ነው።

ልጅቷ ጠየቀች፣ እሷም እየቆጠበች መለሰች። በምን ይተላለፋል? በትንፋሽ። ይድናል? ይድናል።

"ከቤተሰብዎ አንድ ሰው ቢታመም ለጎረቤት ይናገራሉ?"

"አልናገርም።"

የልጅቷ እስክሪብቶ ለአፍታ ቆመ።

"ምነው? ባለፈው ምን ብዬ ነበር?"

"'ምን ያሳፍራል፣ እናገራለሁ' ብለው ነበር።"

"ይኸው! ልትፈትኚኝ ነው የመጣሽው!"

"ኧረ እትዬ! የምንፈትነው ጥያቄውን ነው እንጂ እርስዎን አይደለም። ሰው ዛሬ አንድ፣ ነገ ሌላ ካለ፣ ጥያቄያችን አይታመንም ማለት ነው። ሠላሳ ሰው ነው ደግመን የምንጠይቀው። ፀጉር ሠሪዋንም ጠይቄያለሁ።"

"እሷስ ምን አለች?"

"አልነግርዎትም። የእርስዎንም ለእሷ አልነግርም።"

ልብስ ሰፊዋ ፊቷን ትኩር ብላ አየቻት። ይህች ልጅ ወሬ አታመላልስም። ወዲያው ከመጋረጃው ጀርባ ባልየውን ሳል ያጣድፈው ጀመር። ልጅቷ ሰማች፤ ወረቀቱ ላይ ግን ምንም አልጻፈችም።

"መቼም ሰማሽ" አለች ልብስ ሰፊዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ያን ዕለት የነገርኩሽ መባል ያለበትን ነው። የዛሬው ግን የማደርገውን ነው።"

"ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ይመርመር እትዬ። ጥያቄ አይደለም ይሄ።"

በማግስቱ ባሏን እያጉረመረመ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። አክታው ተመረመረ፤ ነቀርሳ ነው አሉ። የስድስት ወር መድኃኒት ታዘዘለት፤ እሷም ተመርምራ ነፃ ሆነች።

ባልየው "ውጫለሁ" ሲላት ግን አታምነውም። በየጠዋቱ ፊቱ ቆማ "አፍህን ክፈት፣ ምላስህን አንሳ" ትለዋለች። እሱም እንደ ሕፃን አፉን ይከፍታል።