ሦስተኛው ማርፈድ

ባለፈው ሳምንት ሞጣ ውስጥ ወዳለችው ፎቶ ኮፒ ቤቴ አንድ መምህር መጥቶ አርባ ቅጂ አሠራ። ማስታወቂያ ነው። ትምህርት የሚጀመረው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል መሆኑን፣ ያረፈደ በር እንደሚዘጋበት ይናገራል። ማሽኑ ወረቀቱን አንድ በአንድ ሲያወጣ ቆሜ አነበብሁት። ደግሜም አነበብሁት። መምህሩ «ስህተት አለው እንዴ?» አለኝ። የለውም አልሁት። ስህተት አልነበረውም። ሰዓቱን ስለማውቀው ነው።

እኔና ታላቅ ወንድሜ ይበልጣል የተማርነው ብቸና ቤት ተከራይተን ነው። የእኛ መንደር ከከተማው በእግር አራት ሰዓት ይርቃል፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም አልነበረውም። በሶና ድርቆሽ ይዘን ገባን። እሱ አሥረኛ ክፍል፣ እኔ ዘጠነኛ። ተማሪው ብዙ፣ ክፍሉ ጥቂት ስለነበር የምንማረው በፈረቃ ነበር፤ የጠዋት ፈረቃ የደረሰው አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ባንዲራ ሥር ይሰለፋል። ከሰልፉ በፊትም ሥራ አለ። ሰኞ ስፖርት፣ ሐሙስ ችግኝ ማጠጣት፣ ፈተና ሲቃረብ ደግሞ ማጠናከሪያ። ገና ጎህ ሳይቀድ መንገዱ በተማሪ ይሞላል። ፊት አይለይም። ከየኪራይ ቤቱ ሳል ይሰማል፣ የጎማ ጫማ ጭቃውን ሲረግጥ ይሰማል፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጭስ ይሸታል። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል።

ሰዓት አልነበረንም። ሰዓታችን የአከራያችን በር ነበር። እትዬ ይመኙሻል በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኪዳን ለማስደረስ ይወጣሉ። የቆርቆሮ በራቸው መሬቱን እየፋቀ ነው የሚከፈተው። ያን ድምፅ ሲሰማ ይበልጣል ይነሳል። እኔ አልነሳም። «ተነስ አንተ ድንጋይ!» ይለኛል። እንቢ ካልሁ ቀዝቃዛ እጁን አንገቴ ውስጥ ይከታል። ባንዲራ ሰቃይ ስለነበር ቀድሞ መድረስ ነበረበት። ቀስቅሶኝ ይሄዳል። እሱ ከሄደ በኋላ ሁለት ቀን ተመልሼ ተኛሁ። ሁለት ማርፈድ ተመዘገበብኝ።

ሦስተኛው ማርፈድ ወላጅ ያስጠራል። ወላጅ ማስጠራት ደግሞ ለሌላው ተማሪ ተግሣጽ ነው፤ ለእኔ ግን ከትምህርት መውጣት ነበር። አባታችን መስከረም ላይ ስንቃችንን ከአህያ እያወረደ ነግሮናል። «አንድ ሰው ለእርሻ ያስፈልገኛል። ሁለታችሁንም የላክሁት እናታችሁ ስላለቀሰች ነው። በማርፈድ የተጠራሁበትን ልጅ ግን ይዤው ነው የምመለስ።» አባቴ ያለውን የሚያደርግ ሰው ነው።

ኅዳር ውስጥ ነው። አንድ ጠዋት በሩ አልተፋቀም። እትዬ ይመኙሻል ታመው ተኝተው ኖሯል። እኛም በሩን ስንጠብቅ... አይ፣ መጠበቅ አይባልም፣ ተኝተን ነበር። ይበልጣል ራሱ ተኝቶ ነበር። የቀሰቀሰን የትምህርት ቤቱ ደወል ነው። የመኪና ቸርኬ ነበር፤ ሲመታ ከተማው ሁሉ ይሰማዋል።

ፊታችንን ሳንታጠብ ሮጥን። በሩ ጋ ለመድረስ አሥር እርምጃ ያህል ሲቀረን መዝሙሩ ተጀመረ። ያኔ ባንዲራ ሲወጣ የሚንቀሳቀስ አልነበረም። በመንገድ አህያ የሚነዳው እንኳ ይቆማል። ይበልጣልም ቆመ፤ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። የእሱን ገመድ ሌላ ልጅ ሲስብ ያያል። እኔም አጠገቡ ቆምሁ። ጥበቃው አሥር አለቃ ታፈረ የድሮ ወታደር ናቸው። መዝሙር ሲጀመር ፊታቸውን ወደ ባንዲራው አዙረው፣ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው እንደ ምሰሶ ይገተራሉ። በሩን የሚዘጉት መዝሙሩ ሲያልቅ ነው።

«ግባ» አለኝ ይበልጣል፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ።

«ባንዲራ እየወጣ?»

«እያየሁት ነው። ግባ። የእኔ መቅረት ታውቋል። አንተ ሁለት አለህ፣ እኔ ምንም የለኝም።»

«አሥር አለቃስ?»

«አሥር አለቃ በመዝሙር ሰዓት አንገታቸውን አያዞሩም። ሂድ እንጂ፣ ሊያልቅ ነው!»

በጣቴ ጫፍ እየረገጥሁ ሄድሁ። ባንዲራ እየወጣ ስራመድ ያ የመጀመሪያዬም የመጨረሻዬም ነው። በአሥር አለቃ ጎን አለፍሁ። አንገታቸው አልዞረም፤ ዓይናቸው ግን ተከተለኝ። ከዘጠነኛ ክፍል ሰልፍ ጅራት ገብቼ የመጨረሻውን ስንኝ ከሌሎች ጋር ዘመርሁ።

ዩኒት ሊደር የምንላቸው የሥነ ሥርዓት መምህር መዝገባቸውን ይዘው ወደ በሩ መጡ።

«ይበልጣል? ባንዲራ ሰቃዩ?» አሉ።

«አዎ፣ መምህር።»

«ያ እንቅልፋም ወንድምህስ?»

«ገብቷል።»

ወደ ጥበቃው ዞሩ። «እውነት ነው፣ አሥር አለቃ?»

«እኔ የማየው ባንዲራ ነው፣ ጌታዬ። በዚያ ሰዓት ጅብ ቢገባም አላይ።»

ሰልፉ ሳቀ። ይበልጣልን ግን ጠጠር ላይ አንበረከኩት። አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ በመስኮት አየሁት። ባንዲራውም ከዚያን ቀን ጀምሮ ለሌላ ልጅ ተሰጠ።

ቅዳሜ አባታችን ስንቅ ይዞ ለገበያ መጣ። ስለ ማርፈዱ ምንም አልተባለም። ሲመለስ ይበልጣል እስከ ከተማው መውጫ ሸኘው፤ እኔ ቤት ቀረሁ። ነሐሴ ላይ የአሥረኛ ክፍል ውጤት ሲመጣ ይበልጣል «አልመጣልኝም» አለና አገር ቤት ቀረ። እርፍ ጨበጠ። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ስንቄን በአህያ ያመላለሰልኝ እሱ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨረስሁ። አንድም ቀን አላረፈድሁም።

ይበልጣል ባለፈው ዓመት ሞተ። ሕመሙ ሁለት ወር አልሞላም። በአርባው፣ ሰው ከተበተነ በኋላ፣ ከአባቴ ጋር ድንኳን ውስጥ ቀረን። ያን ጊዜ ያረፈድሁት እኔ ነበርሁ አልሁት። ሁለት ጊዜ፣ ሦስተኛውም የእኔ ነበር።

«አውቃለሁ» አለ አባቴ። «ያን ቅዳሜ ሲሸኘኝ ነግሮኛል።»

«ምን ብሎ?»

«ደግሞ ቢያረፍድም እንዳትወስደው፤ እስከ ሰኔ ታገሠኝ፣ ፈተናዬን ልፈተንና ለእርሻው እኔ እመጣለሁ፣ እሱን ተወው አለኝ። እሺ አልሁት።»

«ውጤት አልመጣልኝም ብሎኝ ነበር።»

«መጥቶለት ነበር ልጄ። እንዳልነግርህ አስምሎኝ ነው።»

አሁን የሞጣ ተማሪ ስልኩን ሞልቶ ይተኛል፤ ሲጮህ ይነሳል። ጥሩ ነው፣ አልነቅፍም። ሰዓቱ ግን ያው ሰዓት ነው፣ ብርዱም ያው ብርድ ነው፤ ሱቄን ስከፍት በጨለማው ውስጥ እያሳሉ ሲያልፉ እሰማቸዋለሁ። የይበልጣል ልጅ ሙሉነሽ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ናት። ታናሿም ይከተላታል። ከአርባው ማግሥት አባቴን ሁለቱም እኔ ጋ ይማራሉ አልሁት። እርሻውስ አላለኝም። መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቶ፣ በሬዎቹን ጥቅምት ላይ ሸጠ። ያኔ ከሁለት ልጅ አንዱ መመለስ ነበረበት። ከእነዚህ የሚመለስ የለም።